በገበያ ቀን የተፈተሸው ጉድጓድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለከበቡሽ፣

የጌታ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይደር። እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም እንዴት ሆነ? ጋሽ ጥላሁንስ አዲሱ ሥራ ተስማማቸው ወይ? ልጆቹን ወባው ለቀቃቸው? እኛ እናታችንም፣ ሐናም፣ ልጆቹም ደህና ነን። እናታችንን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ቢያማትም አሁንም ጸሎት ቤት በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ጂንካ ላይ በቆሎው ደህና ይዟል፤ ቆላው ግን ደርቋል።

እኛ ወዳለንበት ወደ አርባ ምንጭ መቼ ትዛወራለህ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልዛወርም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

እንደምታውቂው ካለፈው ዓመት ጀምሮ የፍተሻ ቡድን መሪ ነኝ። በቆላው የሚተከሉት የእጅ ፓምፖች ለሕዝቡ ከመሰጠታቸው በፊት የምንሞክራቸው እኛ ነን። አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ አስተማሪያችን፣ ዕቃ የሚፈተሸው ሠሪው እንደሚይዘው ሳይሆን ተጠቃሚው እንደሚያንገላታው ነው ይሉን ነበር። ያንን ቃል ይዤ መጣሁና ለቡድኔ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ እንደለመዱት ይሠራሉ። መሪነት የራስን ሥራ በሌላ ሰው እጅ መሥራት መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ነው፤ እጁም ሁልጊዜ አይታዘዝም።

ከአልዱባ በታች ባለች መንደር አንድ ፓምፕ ተተከለ። እኔ በዚያ ሰሞን በአርቦሬ በኩል ስለነበርኩ ምክትሌ ጎሳዬ ቡድኑን ይዞ ሄዶ ፈተሸው። የመለኪያ በርሜሎቹ ሁሉ ሞሉ፤ ውኃው ጠራ፤ እጀታውም አልተንገጫገጨም። እንከን የለውም ብሎ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ከአስተርጓሚያችን ከዶላሞ ጋር በዚያ ሳልፍ ፓምፑ ደርቆ፣ ሴቶቹ እንደ ድሮው የወንዙን አሸዋ እየጫሩ ሲቀዱ አገኘኋቸው። ለካስ ሰዉና ከብቱ በጠዋት ሲሰለፍ ጉድጓዱ ረፋድ ላይ ያልቃል፤ እስኪሞላም ቀኑ ይመሻል። አንዲት እናት ቅሏን ከአሸዋው ሳታነሳ ተናገረችኝ፤ ዶላሞም ሳቁን እየዋጠ ተረጎመልኝ። "እናንተ የምትመጡት እኛ ገበያ ስንሄድ ነው። ጉድጓዱም እንግዳ ሲያይ ጨዋ ይሆናል" ነው ያለችው።

ጎሳዬ የፈተሸው በአልዱባ ገበያ ቀን ነበር። ጂንካ ተመልሼ ስጠይቀው አልካደም። "ጋሼ፣ በገበያ ቀን መንደሩ ጭር ይላል። የሚጋፋን የለም፤ ልኬቱም አይዛባም። መኪናውም ለማንኛውም ወደዚያው ይሄዳል" አለኝ። መኪናው ለምን ወደዚያው እንደሚሄድ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ከአልዱባ ማርና ቅቤ ሳይጭን የተመለሰ የመሥሪያ ቤት መኪና አላየሁም። በዚያ ሰሞን የተተከሉትን ሌሎች ሦስት ፓምፖችም እንዲሁ የየአካባቢውን የገበያ ቀን እየጠበቁ ነበር የፈተሹት። ተንኮል ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እነሱ ግን ተጠንቅቀው የሠሩ ነው የሚመስላቸው። ጉድጓዱን አሳርፈው፣ ደክሞሃል ወይ ብለው ጠየቁት።

አለቃችን ጓድ ሀብተ ማርያም ዘንድ ገባሁ። አራቱም በአዘቦት ቀን፣ ሰዉም ከብቱም ባለበት፣ እንደገና ይፈተሹ አልኩ። እሳቸው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከመግባቱ በፊት ተመርቀው እንዲያልቁ ነበር የሚፈልጉት። "ጓድ ወርቅነህ፣ ፓምፑ ውኃ አወጣ ወይስ አላወጣም?" አሉኝ። አወጣ አልኳቸው። "ታዲያ ምን ያውጣልህ፣ ወተት?" ሲሉ ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ርክክቡ ላይ ግን አልፈርምም አልኩ። አርባ ምንጭ ያለው የጥራት ቁጥጥር ኃላፊነት ለእኔ ታስቦ እንደነበር ታውቂያለሽ። "እንግዲህ እዚያ የሚቀመጠው መፈረም የሚያውቅ ሰው ነው" ብለው አሰናበቱኝ።

ጎሳዬ በእኔ ቦታ ፈረመ። ፓምፖቹ ሪባን ታስሮባቸው ተመረቁ። የአርባ ምንጩም ሹመት ለእሱ ደረሰው።

ሹመቱ ያናድደኛል፤ አልዋሽሽም። ከሱ ይልቅ ግን የሚያንገበግበኝ፣ በዚህ ሥራ ጉድለት ያገኘ ሰው ጉድለቱን እንደፈጠረ መቆጠሩ ነው። ከእንግዲህ በገበያ ቀን አንፈትሽም ብዬ ካዘዝኩ ወዲህ ሾፌራችን ሰላምታዬን በአገጩ ነው የሚመልሰው። ሐናም አንድ ቀን፣ "አንተ ባትፈርምም ተፈረመ። ማን ምን ተጠቀመ?" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ራሱ ጎሳዬ ነው። በጭነት መኪና ወደ አዲሱ ሥራው ሲሄድ ሌላ ሁነኛ መንገደኛ አላገኘሁም። መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበውም የማያውቀው ነገር የለበትም። ክፉ ሰው አይደለም። ሲሰናበተኝ መሬት መሬት እያየ፣ "ጋሼ፣ እኔ ባልፈርም ሌላ ይፈርም ነበር" አለኝ። ቤት እስኪያገኝ አሳድሪው፤ ምግብም አትንፈጊው። ስለ እኔ ዝውውር ግን አንዲት ቃል እንዳትለምኚው።

በመስከረም መጨረሻ አራቱንም ፓምፖች በአዘቦት ቀን እፈትሻለሁ። ጓድ ሀብተ ማርያም ከበዓሉ በኋላ እንደፈለግህ ብለውኛል። ውጤቱ የሚሄደው ወደ ጎሳዬ ጠረጴዛ ነው፤ ጉድጓዶቹ ጠልቀው እንዲቆፈሩ የማዘዝ ሥልጣንም አሁን የእሱ ነው። እንዲያዝ ደግሞ አስቀድሞ የራሱን ፊርማ ስህተት ነው ማለት አለበት። ልመናሽን ለዚህ አስቀምጪልኝ። በልቶ ሲረጋጋ፣ እነዚያ ሴቶች አሸዋ እየጫሩ መሆናቸውን ንገሪው። እኔ ነግሬዋለሁ፤ ነገር ግን እኔ አለቃው ስለነበርኩ ሲሰማኝ ቁጣ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ጋሽ ጥላሁንን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ያለምወርቅን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ፈለቀንም አጎትህ ናፍቆሃል በይው። እናታችን የላከችልሽ ቅቤ ከጎሳዬ ዕቃ ጋር ነው፤ ከአልዱባ ነው የተገዛው። ሐናና ልጆቹ እጅ ይነሱሻል።

ወንድምሽ ወርቅነህ
ጂንካ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.