ከጣሪያ ስለሚወርደው ድምፅ ለሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሙዚቃ ማከፋፈያው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ድርጅትዎ ትርፍ ከዓመት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዘፈን በማቀናበርና የተቀዱትን ድምፆች በማዋሐድ፣ ማለትም ሚክስ በማድረግ የምተዳደረው እኔ ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ምስጋና በአደባባይ አቀርብልዎታለሁ።

፩. ድምፅ አድማጩን ከፊት፣ ከኋላና ከጣሪያ የሚከብበት አዲሱ የዙሪያ ሚክስ ገቢያችንን እጥፍ እንደሚያደርግ በስብሰባው ላይ ሲነግሩን፣ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። በብድር አሥራ ሁለት ስፒከር ገዝቼ አራቱን ጣሪያው ላይ በብሎን አሰርኩ። ክፍሉ የአማቴ መኝታ ነበር፤ እሳቸው አሁን ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራሉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ዘፈን ነው ወይ ብለው አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ብለዋል። እርስዎም ባለትዳር ስለሆኑ የአማት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም።

፪. ለአንድ ዘፈን ይበቃኝ የነበረው ሁለት ቀን አምስት ሆኗል። ዘፋኞቹ ትርፉን ሥራ እንደ ምርቃት ቆጥረውታል፤ ድርጅትዎም የሚከፍለኝ ያንኑ የድሮውን ነው። አቋምዎ ባለመናወጡ ኮርቻለሁ።

፫. ባለፈው ወር ቢሮአችሁ መጥቼ፣ ጥራት የሚቆጣጠሩት ባልደረባዎ የቫዮሊኑን ድምፅ ከጣሪያ ለማውረድ ሦስት ቀን የለፋሁበትን ዘፈን በአንድ ጆሯቸው እየሰሙ፣ በሌላው ስልክ እያነጋገሩ ሲያሳልፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ለተቀላጠፈው አገልግሎታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፬. ልተወው ብዬ ውሉን ባነበው፣ የዙሪያ ሚክስ ማቅረብ ያቆመ ሰው ቀድሞ ያስረከባቸው ዘፈኖች በሙሉ ከገበያ ይነሳሉ ይላል። ሳላነብ መፈረሜ የገዛ ጥፋቴ ነው። የእኔዎቹ ስልሳ ሦስት ናቸው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ። ስፒከሮቹን ልሽጥ ብል የሙያ ጓደኞቼም ሁሉ ሻጭ ሆነው አገኘኋቸው። እውነቱን ልንገርዎ፣ መውጫ አጥቻለሁ። አንዳንድ ቀን ስፒከሮቹ መሀል ተቀምጬ አንድም ነገር ሳልከፍት ይመሻል።

ስለዚህ ያችን አንዲት አንቀጽ ሰርዘው ክፍሉን ለአማቴ እንድመልስ ቢፈቅዱልኝ፣ ውለታዎን እሳቸውም በንግግር ይገልጹልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከወንበሩ መነሳት ቢያቅተውም ለክብርዎ ብድግ ብሎ እጅ የሚነሳው፣
ታዛዥዎ የሚክስ ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሐሙስ ያዘዛችሁት ዘፈን በዙሪያ ሚክስ ተሠርቶ ዛሬ ማክሰኞ ተልኳል። መድረሱን ቢያረጋግጡልኝ። ከጣሪያው በኩል የጎደለ ነገር ካለም ይንገሩኝ፤ ወዲያው አስተካክላለሁ።