አለቃን ስላዳነው የአእምሮ ክኒን

ይጁቤ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ፍሥሐ ታረቀ፣ የጤና ሹም፤

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የአለቃ አካለ ወልድ ባለቤት የብርጓል እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደጅዎን ስጠና ከርሜ ዘበኛዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለሚለኝ፣ የቄስ ልጅ ነኝና በተማርኳት ፊደል ይህችን ጽፌ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲያያት ክኒኑን በሚሸጡበት በመድኃኒት መሸጫዎ በር ላይ ለጥፌያታለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ አለቃ ድጓን የሚያህል የዜማ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው ያስተማሩ ሰው ናቸው። አምና የቤታቸው መንገድ ይጠፋቸው ጀመር፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ገበያ ወርደው ሰው እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። ጨንቆኝ ይዣቸው ብመጣ፣ እርስዎ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋቸው ለሽማግሌ ማስታወስን ይመልሳል ያሉትን የአእምሮ ቫይታሚን በጠርሙስ ሰጡን። በነጻ ስለሰጡን እጅ ነሥቻለሁ። በነጻ የሆነበት ምክንያት የገባኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ክኒኑ መሥራቱን ለማየት ጉባኤ ቤታችን ድረስ ስለ ደከሙልን እግዜር ይስጥልን። አለቃ ዜማውን መሩ፣ መሐል ላይ ሲደርሱ ጠፋቸው። ተማሪዎቹ እንደ ወጉ ተቀብለው አንዲት ቃል ሳትጎድል እስከ መጨረሻው አደረሱት። መምህር ሲጠፋው ተማሪው ይሸፍንለታል እንጂ ዝም ብሎ አያሳጣውም። እርስዎ ግን ዐይንዎን ጨፍነው፣ ራስዎን እየወዘወዙ ሰምተው፣ ድነዋል ብለው ብድግ አሉ። ላስረዳዎ ተከትዬ ስወጣ ላንድሮቨርዎ ተነሥታ ነበር።

ሦስተኛ፤ በገበያ ቀን የአለቃን ስም ጠርተው፣ የድጓው መምህር እንኳ የዳኑበት ብለው አስለፈፉ። ክኒኑም ከደምበጫ እስከ ደጀን ተቸበቸበ፤ በጉን ሸጦ ለአባቱ የገዛም አለ። ስማችንን ስላስጠሩልን ምን እንላለን፣ ያክብርልን።

አራተኛ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ብለምንዎ፣ የዳነ ሰው አይላክም አሉኝ። ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ አለቃ እኔንም አያውቁኝም። የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። አባትሽ ደግ ሰው ነው፣ ልጁን እንዲሰጠኝ ሽማግሌ ልልክበት አስቤያለሁ ይሉኛል። እኔም እሺ እላቸዋለሁ። ማልቀሱ መቼ እንደተወኝ አላውቅም። እሳት አነዳለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፤ ቀኑም ይመሻል።

አሁንም የምለምንዎ ያችኑ ወረቀት ነው። መድኃኒት ባይገኝለት እንኳ፣ የሚያውቅ ሐኪም አንድ ጊዜ ይያቸው። መዳናቸውን በገበያ ስላስለፈፉ አልዳኑም ማለቱ እንደሚከብድዎ ይገባኛል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ድነው ነበር ብለው ቢጽፉትም አልከራከርዎትም።

ዕድሜና ጤና፣ ከዕድሜው ጋራም ምንም የማይዘነጋ አእምሮ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ደጅዎን መጥናት የማይሰለቻት ትሕት አገልጋይዎ፣

የብርጓል ቢያዝን

ሳልነግርዎ የቀረች፦ በቄስ ትምህርት ቤት ለማስታወስ የሚሰጥ መድኃኒት የተማሪ ነው፤ ትምህርቱ እንዲገለጥለት መምህሩ ያጠጣዋል እንጂ መምህር ለራሱ አይወስድም። አለቃም በዚሁ ልማድ ጠርሙሱን ከእጅዎ እንደተቀበሉ ክኒኑን ለተማሪዎቻቸው አድለው ጨረሱት። ተማሪዎቹ እንደሆኑ ድሮም የረሱት ነገር አልነበረም። እርስዎ ያዳኗቸው አለቃ ግን አንዲት ፍሬ አልዋጡም። ባዶውን ጠርሙስ የጨው ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ፤ ለሌላ ለሚያድኑት ሰው ካስፈለገዎ ይላኩበት።