ጁዲን ማን ይንገራት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 8፣ 2018

ትናንት ደወሉ በሰዓቱ ሳይደወል ቀረ። ሜዲቴሽን የምትመራን ጁዲ እንደ ሁልጊዜው ፊት ለፊታችን ተቀምጣለች፣ ሰዓቷ ጉልበቷ ሥር ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ትንሿን ደወል መምታት የእሷ ሥራ ነው። ሠላሳው አለፈ። አርባ። አምሳ። ሰባ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። እኔ ዓይኔን ገልጬ አየኋት። ሜዲቴሽን ላይ አልነበረችም። ደወሉን ትኩር ብላ ታያለች፤ ምን እንደሚደረግበት ግን ጠፍቷታል። ተነሥቼ ሄጄ ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። ያኔ መታችው።

ሻይ ላይ አንድ አዲስ ሰው "ዛሬ በጣም ጥልቅ ነበር" ብሎ አመሰገናት። ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

እውነቱን ልጻፍ። ካወቅሁት ቆይቷል። ከሰመር ጀምሮ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ከሥራ ቦታዬ፣ ከኩን ራፒድስ፣ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ኮሚቴ ስብሰባ ድራይቭ አደረግሁ። አምስት ነን። በእኛ የቡድሂስት ሜዲቴሽን ቡድን ውስጥ መነኩሴ የለም፣ ደመወዝተኛም የለም፤ ሁሉም በጎ ፈቃደኛ ነው። የኔ ድርሻ ሰው መመደብ ነው። የዚህ ሳምንት፦

ወንበር የሚደረድር፦ አለ።
የመቀመጫ ትራሶቹን ልብስ አጥቦ የሚመልስ፦ አለ።
በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል፦ ዛሬ ተገኘ፣ ተመስገን።
ጀማሪዎችን የሚያስተምር፦ ጁዲ።

እዚህ ስንደርስ ሰብሳቢያችን ማርክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለካ እሁድ ዕለት ጁዲ ሊንን "ቶም ዛሬ የት ቀረ?" ብላ ጠይቃታለች። ቶም የሊን ባል ነበር፤ ከስድስት ወር በፊት ሞተ። የመታሰቢያ ጽሞናውን የመራችው ራሷ ጁዲ ናት። ሊን መኪናዋ ውስጥ ገብታ አልቅሳ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

"ከእንግዲህ ፊት መቀመጥ የለባትም። አንድ ሰው ይንገራት" አለ ማርክ። ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ አራቱም እኔን አዩኝ።

"እኔ ዶክተር አይደለሁም" አልኩ።

"ጓደኛዋ ነሽ" አለኝ።

እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 10

አልደወልኩላትም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከነርሲንግ ሆሙ ሥራ ጎን ለጎን፣ የጁዲን እናት የማስታምመው እኔ ነበርኩ፣ ሴንት ፖል እቤታቸው። አሮጊቷ ካረፉ በኋላ ቁልፍ ልመልስ ሄድኩ። ጁዲ ሳሎን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ወለል ላይ ተቀምጣለች። "ካልቸኮልሽ ተቀመጪ" አለችኝ። ባሌ ትቶኝ ከሄደ አራተኛ ወሩ ነበር። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሰው "እንዴት ነሽ" ሲለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። እዚያ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። አምስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ዛሬም ድረስ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ ከሰዓት በኋላ እዚያ እሄዳለሁ። ለቤተክርስቲያን ሰዎች አልነግርም፤ ማስረዳቱ ገና ሳስበው ይደክመኛል። ጁዲ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አታንስም። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር። እንግሊዝኛው እኩያሞች አደረገን።

ሳሎኑ ሲጠበን ነው ሌክ ስትሪት አጠገብ የፈረንጅ ቤተክርስቲያን አዳራሽ የተከራየነው። ሰው ይምጣ፣ እንስፋ፣ እንደግ ብዬ የወተወትኳት እኔ ነኝ። እሷ "ትንሽ ብንሆን ምን አለበት?" ትል ነበር። አምስት ሰው ፊት ብትረሳ ማን ጉዳዬ ይለው ነበር?

እራት ላይ ለልጄ ለሶስና ነገርኳት። "እማ፣ ጀስት ቴል ሄር፣ በቃ ንገሪያት" አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁሉም ነገር ይቀላታል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ እየተለማመድኩ። ጁዲ በሩን ከፈተች፣ ስታየኝ ደስ አላት፣ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ቀስ በይ፣ እናቴን ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳት" አለችኝ።

ሥራ ላይ ያስተማሩን ሕመምተኞቹን እንዳናርማቸው ነው። ሰዎቻቸው ሞተዋል ብሎ መንገር ለእነሱ እንደ አዲስ መርዶ ነው። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ግማሽ ሰዓት በሹክሹክታ አወራን። የጀማሪዎቹ ክፍል እንደሞላ እየነገረችኝ፣ ደስ ብሏት። መሐል ላይ ወደ መኝታ ቤቱ በር አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ፤ ፊቷ ተለወጠ።

ሳልነግራት ወጣሁ። ሞተር ሳላስነሣ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12

ምሳ ሰዓቴ ላይ ራሷ ደወለች።

"ትናንት እናቴ ተኝታለች አልኩሽ?"

ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ውባለም፣ አታስታምሚኝ። ንገሪኝ።" ሁልጊዜ ውቢ ነው የምትለኝ።

ነገርኳት። ስለ ደወሉ። ኮሚቴው ስላለው። ስለ ቶም። ቶም ላይ ስደርስ እንድደግምላት ጠየቀችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

መዋሸት እችል ነበር። "ከሰመር ጀምሮ" አልኩ።

"እያወቅሽ ያ ሁሉ ሰው ፊት አስቀመጥሽኝ።"

ስልኩን ዘጋችው።

እውነቷን ነው። ለራሴ እንዳይከፋት ብዬ ነው እል ነበር። አይደለም። ለራሴው ፈርቼ ነው። ከሰባው ሰው መሐል እኔን በደንብ የሚያውቀኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ከሌለች እዚያ ወንበር ቆጣሪ ነኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ ምሳ አበላሁ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 14

ጁዲ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። መጣች። ዘግይታ ገብታ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማርክ፣ ትናንት ደውሎ እንዳስማማኝ፣ ለሰዉ "ጁዲ ለጊዜው ታርፋለች፣ ዛሬ የምትመራን ውባለም ናት" አለ።

ጁዲ ከኋላ ተነሣች። "ማረፍ አይደለም። መርሳት ጀምሬያለሁ" አለች። ሁሉም ዞሮ አያት። "የሆነ ነገር ከተሳሳትኩ ንገሩኝ እንጂ ዝም አትበሉኝ። ሊን፣ አንቺን ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ከዚያ ተቀመጠች።

ሊን ትራሷን አንሥታ ሄዳ ጁዲ እግር ሥር ቁጭ አለች።

በሠላሳው ደቂቃ ውስጥ አንድ ትንፋሽ እንኳ በትክክል አልተከታተልኩም። ሲያልቅ ጁዲ ሻይ ሳትጠጣ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ዞር ብላ አላየችኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ትናንት ጁዲ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ትታልኝ ነበር። "ዓርብ ዶክተር ጋ ቀጠሮ አለኝ። ተናድጄብሻለሁ፣ ቶሎም አይወጣልኝም። ግን እዚያ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር መግባት አልፈልግም።" አምስት ጊዜ ሰማሁት። ቁጣዋ ራሱ ደስ አለኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደወለች። ድምጿ ፍክት ብሏል። "ውቢ፣ የት ጠፋሽ? ዓርብ ዶክተር ጋ የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ቁጣው የለም። ይቅር ብላኝ ይሁን ረስታው ከድምጿ ልለየው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። በቀላሉ እሺ ብዬ መዝጋት እችል ነበር። እንዴት እንዳማረኝ።

"ትናንትም ጠይቀሽኝ ነበር" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"ተናድጄብሻለሁ ብለሽ።"

ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደገና ነገርኳት፣ ከሰመር ጀምሮ ያለውን ሁሉ። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ከበደኝ። ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

"መናደዴ ልክ ነበር" አለች። ከዚያ ደግሞ "ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?"

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አልኳት። እየደገመች ስትጽፈው ሰማሁ።

ዓርብ የሥራ ቀኔ ነው። የሚተካኝ ሰው ገና አላገኘሁም። ከእሷ ጋር እሄዳለሁ።