ከበሩ በላይ የታሰረው ክር

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት ክረምት የሚነሣብሽን የጆሮ ሕመም ጭምር ነው የምጠይቅሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ከተኳረፍን አምስት ዓመት ሞላን። የአየር ማጣሪያ ሥራ ልማር ስትዪኝ፣ «አየር ደግሞ ይጣራል እንዴ? መስኮት መክፈት ያቃተው ሰው ሥራ ነው» ብዬ ያሾፍኩብሽ እኔ ነኝ። አንቺም፣ «አባዬ፣ አንተ የማታውቀው ነገር ሁሉ ቀልድ ነው» ብለሽኝ ወጣሽ። ሠላሳ ዓመት በክር ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ መምጠጫ የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ ሙያውን ራሴ ፈታትቼ ነው የተማርኩት። የሚያስተምረኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ለብቻዋ ከተሠራችው ክፍል ሆኜ ነው። እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ አትበዪኝ፤ ሳንባዬን አሞኝ፣ በሽታው ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ነው። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ፣ በማጣሪያ አሳልፎ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ንጹሑ ከበሩ በላይ ባለው ቀዳዳ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ያ ቀዳዳ ማጅራቴን በብርድ መታኝ። ታውቂኛለሽ፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከከፈተ ሰው ጋር ሰላም የለኝም። ወንበር ላይ ወጥቼ በጋቢዬ ደፈንኩት።

ነርሷ ሥርጉት ምሳ ይዛ መጥታ ከደጅ ቀና ስትል ጮኸችብኝ። «አባባ፣ ይሄ ቁም ሳጥን መሰለዎት?» አለች። ብርድ ይመታኛል ብላት፣ «እርስዎን ብርድ ይምታዎት! እኔን የሚመታኝ ሌላ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለችኝ። አፈርኩ። ጋቢውን ስስብ፣ በውጭ በኩል ተንጠልጥሎ የነበረ ነጭ ክር በቀዳዳው አልፎ ወደ እኔ መጣ። ማሽኑን የገጠመችው ልጅ አስራው ነው አለች ሥርጉት፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ማሽኑ አየር አልሳበምና አትግቢ ብላታለች።

ቋጠሮውን አየሁት። ምሳዬን ይዘሽ ፋብሪካ ስትመጪ ያስተማርኩሽ፣ የተበጠሰ ክር የምንቀጥልበት ቋጠሮ ነው። መምጠጫው መሳቡን በክር ማየትንም ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ለጥጥ ብናኝ ያዋልኩትን አንቺ ለሰው ሳንባ አዋልሽው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላሰብኩትም።

ጉድለት ፈልጌ ማሽንሽን ሁለት ሳምንት አዳመጥኩት። አንድ ብሎን ብቻ ላልቷል፤ እሱንም ያላላው ሌላ ሰው ይሆናል። ውጭ፣ ከማሽኑ አየር ማውጫ ሥር፣ እናቶች ሕፃን አቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። አየሩ ተጣርቶ ስለሚወጣ ማንም ምንም አይሆንም።

ለሥርጉት፣ ማሽኑን የገጠመችው ልጅ አባት ነኝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ይህን ፖስታ ለሥርጉት ስሰጣት ግን ስምሽን ከነአባትሽ ታነበዋለች።

እጅሽን ይባርከው፤ የሠራሽው አይፍረስ። እስከ ፋሲካ እዚሁ ነኝ፤ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ግን እንዳትገቢ። ከደጅ፣ ከክሩ ሥር ቁሚ። ክሩ ወደ እኔ እስከተሳበ ድረስ እንነጋገራለን።

አባትሽ