አንተን ሲያይ የሚቆለፈው በር

ውድ አባዬ፣

ትናንት የአረጋውያን ማዕከሉ ዋና ነርስ ደወለችልኝ። «አባትሽ እኮ ደህና ናቸው፤ አንቺ ከፈቀድሽ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ወጣ ብለው አየር ቢቀበሉ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። አልፈቅድም፣ ለደህንነቱ ነው አልኳት።

ቃሉ የራስህ ነው። ሥራ ስትሄድ እማዬን ከውጭ ቆልፈህባት ትሄድ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ እማዬ የምታወራው በመስኮት ነበር። ልጅ ሆኜ «ለምን ትቆልፍባታለህ?» ብዬ ብጠይቅህ «ለደህንነቷ ነው» ብለህ ቁልፉን ኪስህ ከተትከው። እሷም የገዛ ቤቷን ቁልፍ ሳትይዝ ሞተች።

ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቅህ «ዕቃ ላይ ቃጭል ታስራለች» እያልክ ታስቅብኝ ነበር። አልተሳሳትክም። ካርቶን ላይ፣ አንሶላ ላይ፣ ሰው ላይ ቺፕ አስራለሁ፤ በር ላይ ያለው አንቴናም የቺፑን ምልክት በሬዲዮ ሞገድ ይሰማል። የምትኖርበትን ማዕከል በሮች የነደፍኩት እኔ ነኝ። እጅህ ላይ ያለው ባለ ቺፕ አምባር ሲጠጋ በሩ ይቆለፋል። ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጠያቂው፣ ለድመቷ እንኳ ይከፈታል።

አምና ልጠይቅህ ስመጣ «ለመሆኑ ይሄ ነገርሽ አይሳሳትም?» አልከኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሥራዬ አንዲት ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል፣ አምባሩ ብብት ውስጥ ከተሸጎጠ በሩ አያየውም ብዬ ወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረዳሁህ። «ጎበዝ!» አልከኝ። ያቺን ቃል ይዤ ስፈነጥዝ ሰነበትኩ። ብዙም ሳይቆይ እጅህን ብብትህ ውስጥ ከተህ፣ የበረደው ሰው መስለህ ውልቅ አልክ። የማዕከሉ ሰዎች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ደረሱብህ። ለካ የፈለግከው ቀዳዳውን እንጂ እኔን አልነበረም። አለቃዬ «አንቺ ሠራሽው፣ አባትሽ አፈረሱት» ብሎ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ አሳቀብኝ።

ከዚያ መርፌና ክር ይዤ መጣሁ። «ኮትህን አምጣ፣ ኮሌታው ተተርትሯል» አልኩህ። አልተተረተረም ነበር። ሁለተኛ ቺፕ ከስስ ስፖንጅ ጋር ኮሌታው ውስጥ ሰፋሁ። ስፖንጁ ቺፑን ከገላህ ያርቀዋል፣ አንገት ደግሞ ብብት ውስጥ አይገባም። አጠገቤ ተቀምጠህ እጄን እያየህ «እናትሽም እንዲህ ነበር የምትሰፋው» አልክ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠልቼህ አላውቅም። ስጨርስ ራሴን ዳብሰህ «እጅሽ ይባረክ» አልከኝ። አሜን ብዬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

አሁን አወቅክ። ኮቱን አውልቀህ እጅህን ብብትህ ውስጥ ብትከት በሩ አያይህም፣ ትወጣለህ። እኔን ማስፈቀድም አያሻህም። ነርሷ እንደምትለው ግን ኮቱን ለአጣቢ እንኳ አትሰጥም፣ ስትተኛም አታወልቀውም። ሊነኩብህ ሲሉ «ተዉ፣ ልጄ የሰፋችልኝ ነው» ትላለህ አሉ።

እንግዲህ ምረጥ።

ልጅህ