ያልተገጠመው ቫልቭ

ሐሙስ፣ ጥር 20

ዛሬ ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤታችን ፒያሳ ወዳለው ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ተላክሁ። ከጎኑ ሻይ የሚሸጡት ወይዘሮ አስቴር "የቧንቧው ውሃ ሳሙና ሳሙና ይላል" ብለው አመልክተው ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ምድር ቤት ያለው ልብስ አጣቢ፣ ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ቧንቧውን ከፍቶ ጎማውን በርሜል ውስጥ ጥሎ ሄዷል፤ ውሃ ሲመጣ እንዲሞላለት። በርሜሉ ግን ልብስ የተዘፈዘፈበት ነበር። ግፊቱ ሲወርድ መስመሩ እጣቢውን ወደ ኋላ ሳበው።

ይህን የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ከቆጣሪው ቀጥሎ መኖር ነበረበት። የለም። እንደሌለም አውቅ ነበር። ሕንፃው ውሃ ሲገባለት መስመሩን የመረመርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ጋሽ ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። "ሰኞ ይገጠማል፤ አንተ ብቻ ፈቃዱን ፈርምልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ሽማግሌን እንዴት አላምንም ይባላል? ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እንጨባበጣለን። አንድም ቀን የቫልቩን ነገር አላነሳሁባቸውም። አፌን ምን ያዘው?

መስመሩን ዘጋሁ። ወይዘሮ አስቴር እናታቸውን ከትናንት ጀምሮ እያስመለሳቸው መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘው "አንተ ባትደርስልን ምን ይውጠን ነበር? በጸሎት እንዳስብህ ስምህን ንገረኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሪፖርቱ ላይ "ፈቃዱን የሰጠው ባለሙያ" የሚለውን ቦታ ግን እስካሁን አልሞላሁትም።