ሁለተኛ ዊንዶ ለአባዬ

ኅዳር 5 ቀን 2009

ስቱዲዮ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። የሙሚናን የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩ ነው። ሙሽራው ከበደሳ ከተማ ሰዎቹን አስከትሎ ሲገባ... እዚያ ላይ ደርሻለሁ። ላፕቶፔ ይለግምብኛል።

ቤት ስገባ አባዬ ያው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ ጎኑ ሰነፈ፣ ምላሱም ከበደው። መናገር ግን ይችላል። ሐኪሟ በፊቴ ነው ያለችው፤ ካወራ ይፈታለታል፣ ዝም ካለ እንደተሳሰረ ይቀራል። ዝም አለ። ክረምት ላይ ሊጠይቁት በመጡ ሰዎች ፊት "ተቀመጡ" ሊል ብሎ ሌላ ነገር ወጣውና አንዷ ሳቀች። በቃ። ከዚያ ወዲህ እኛንም አያናግርም፣ ከበርም አይወጣም። ዕድሜውን ሙሉ በድሬዳዋ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳ ሰው። በየኬላው ቀልዱ የማያልቅበት ሰው። ኩራት ነው... ለኩራት ደግሞ ኪኒን የለውም።

ኅዳር 7

ኦብሳ ጋ ጎራ አልኩ፤ መናኸሪያው ጎን ስልክ የሚጠግነው። ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ ጌም ይጫወታል። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ቆሜ ቀረሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መጥረጊያው ይጠርገዋል፣ ከኋላ የሚመጣው መኪና መብራት በስፖኪዮው ይታያል! ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል። ይህን ሰው ሠራው? ቁጭ ብሎ አስቦ? አጃኢብ ነው።

ወዲያው አባዬ ታወሰኝ። በፍላሽ ገልብጬ ወደ ቤት በረርኩ። የኔ ላፕቶፕ ላይ ግን መኪናው ትንሽ ሄዶ ደርቆ ፎቶ ይሆናል። ይህንንማ ለአባዬ አላሳየውም፣ ይብስበታል።

ኅዳር 9

ኦብሳ እንዳለው ጥፋቱ ላፕቶፑን የሚያስነሳው ሲስተም፣ የዊንዶው ክብደት ነው። ያለው ለሥራዬ እንዳለ ይቀመጥና ጎኑ ላይ ለጌም ብቻ ሌላ ልጫን። ሲበራ የቱን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል አሉ። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ነፍስ?

ግን የቱን? ኦብሳ ሊኑክስ የሚባለውን ይላል፤ ቀላል ነው፣ ቫይረስ አይነካውም፣ ጌሙም ለሱ የሚሆን ቅጂ አለው። ወንድሜ ዳግማዊ ደግሞ ከአዳማ በስልክ ተቆጣኝ። ሊኑክስ የፈላስፋ ነው፣ ጌም ከፈለግሽ ዊንዶ ሰቨን ጫኚ፣ አለ። የስልክ ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ ማንን ልጠይቅ? እማዬ ሰምታ፣ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አለች። እሷም ድምፅ ሰጠች እንግዲህ።

ሊኑክስ ይሁን። "ቀላል" የምትለዋ ቃል ናት ያሸነፈችኝ።

ኅዳር 10

ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩት። የሙሚና ሰርግ እዚያው ውስጥ ነው። ቢጠፋ ምን ልላት ነው... ድጋሚ አግቢ? አልጠፋም።

ኦብሳ አቧራውን ሲጠርግልኝ የላፕቶፑን የውስጥ ሰዓት ትንሽ ባትሪም ቀየረ፤ ልትሞት ደርሳ ነበር። ሲበራ ቀን ሙዪ አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቼ ሞላሁ። ከዚያ ሊኑክስ ገባ... ጸጥ ያለ አረንጓዴ ስክሪን። ያው ብረት፣ ያው ኪቦርድ፣ ግን ሌላ ፍጥረት። ጣቴን ሳላነሳ ይከፍታል። ሥራ ፈትቼ ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ።

ጌሙ ግን እምቢ አለ። ትንሽ የእንግሊዝኛ መልእክት ብልጭ ትልና ይዘጋል።

ኅዳር 11

ሊኑክስን አጠፋሁ፣ ቦታው ላይ ሰቨን ጫንኩ። እምቢ። ቆይ፣ እኔ ምን በድያለሁ?

ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ጭስ በጭስ። እማዬ ጠበል ይዛ መጣች፣ ላፕቶፑ ላይ ልትረጭ! አቅፌው ሮጥኩ። ለአባዬ ትርጭለት እንጂ።

ወደ ኦብሳ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ስክሪኑን ብዙ አየና ስሜን ጠርቶ፣

"ያ ሚካል፣ ይሄ ኮምፒውተር ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው?"

"ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነዋ።"

"የማን ሁለት ሺህ ዘጠኝ?"

ኧረ ጉዴ... በእኛ ነው የሞላሁት። ላፕቶፑ ደግሞ ፈረንጅ ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ጥዬዋለሁ። ጌሙ የአገልግሎት ፈቃዴ ቀኑ ገና አልደረሰም እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። ኦብሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ልቤን አንድ ነገር ነካው። ላፕቶፑ ባለበት ዓመት አባዬ ጤነኛ ነው፣ ቁልቢ ዳገት ላይ እያፏጨ ነው። ቀኑን ሳስተካክል እጄ ዘገየ።

ተከፈተ! ቤት ወስጄ በርጩማ ላይ አደረግኩና በአባዬና በግድግዳው መሃል አስቀመጥኩት። ምንም ሳልል መንዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ ገለጠ። መኪናው ግን ሰቨን ላይም ኩርባ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይደናቀፋል። አፈርኩ። ልዘጋው ስል፣

"ና...ፍጣው።"

ማን ተናገረ?

"ናፍጣው... አየር ይዟል። አቁሚ።"

ቃላቱ ተንጋደው ነው የወጡት። ግን ወጡ። እማዬ በሩ ላይ ጠበሏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባዬ እኮ መኪናውን እየመረመረ ነው! ከስንት ወር ዝምታ በኋላ አፉን ያስከፈተው የሞተር ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየ አለ?

ኅዳር 13

ተወሰነ። ሰቨን ይውጣ። አየር የሚይዝ መኪና ለአባዬ አይሰጥም።

ሊኑክስ ተመለሰ፣ ቀኑ ስለተስተካከለ ጌሙም ተከፈተ። እንደ ውሃ ይፈሳል። አባዬ በቀኝ እጁ ቀስቶቹን ይጫናል። ግራ እጁን ደግሞ በቀኙ አንስቶ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ማንም አላዘዘውም። ስክሪኑ ላይ ጎህ ሲቀድ፣ ተራራው ሲቀላ፣ "አቤት" አለ። እኔም አቤት አልኩ።

ዳግማዊ ደውሎ የቱን መረጥሽ አለኝ። አባዬ ነው የመረጠው አልኩት። አላመነኝም።

ኅዳር 20

አባዬ ጌሙ ውስጥ መንገድ የዘጋበትን መኪና ሰደበው። ለወረቀት የማይበቃ ስድብ ነው። እማዬ ከጓዳ ሰምታ "ተመስገን" አለች።

ታኅሣሥ 8

ከስቱዲዮ ስመለስ ደጃችን ላይ ተሳቢ ቆሟል። የነጋሽ ነው። ነጋሽ ዱሮ የአባዬ ረዳት ነበር፣ አሁን ራሱ ሾፌር ነው። ከድሬ ወደ ሚኤሶ ሲያልፍ ነው የወረደው።

ገባሁ... ነጋሽ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል፣ አባዬ አጠገቡ ሆኖ ይቆጣዋል። ማን ከፈተላችሁ ብል እማዬ በአገጯ ወደ አባዬ አመለከተች። ራሱ አብርቶ፣ ከሁለቱ የራሱን መርጦ ገብቷል። ነጋሽ ከንግግሩ ግማሹ አይገባውም። አባዬም ይህን ያውቃል። ይደግምለታል። ደግሞም ካልገባው ይሠልሳል። ነጋሽ "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉኝ" ይላል፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ አየኋቸው። ይሄ ሰው ነው ለግድግዳ ሲናገር እንኳ የሚያፍረው?

ነጋሽ ሊሄድ ሲነሳ አባዬም ተነሳ። ልሸኘው አለ። እኔ በአንድ ጎን፣ እማዬ በሌላው። በሩን አለፍን። አስፋልቱ ዳር ጫት ሻጮቹ፣ ባለባጃጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየን። አባዬ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ቀኝ እጁን አነሳ።

"ነጋሽ። በወ...ጣህበት ማርሽ... ውረድ።"

የሾፌር የቁልቁለት ምክር ነው፤ ግማሹ ቃል ግን ተጣመመ። ባጃጅ ውስጥ ያለ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። አለቀ፣ ወደ ግድግዳው ተመለሰ አልኩ።

አባዬ ጎረምሳውን አየው። ከዚያ ወደ ነጋሽ ዞሮ፣ ከበፊቱ ጮክ አድርጎ፣ ደገመው።